ፊደል የቆጠርን እኛ

ጠዋት ጠዋት ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ነገር አይጎድለውም፤ ሰልፍ እና ጊዜ። እኛ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለን፤ አምስት ባዶ ሳጥኖች።

“እኛ” ስንል አንድ የኪራይ ቤት ተጋርተን የምንኖር ሦስት ሴቶች ማለታችን ነው። ሦስታችንም ጋዜጠኝነት ተመርቀናል። አንዷ በተማረችው ትሠራለች፣ አንዷ ባልተማረችው ትሠራለች፣ አንዷ ሥራ እየፈለገች ነው (የትኛዋ የቷ እንደሆነች አንናገርም፤ በየጊዜው እንቀያየራለን)። የሚያመሳስለን አንድ ነገር ቢኖር በየቀኑ ስልካችን ላይ የምንጫወታት ጨዋታ ናት።

ጨዋታዋ “ዎርድል” ትባላለች። ለማያውቃት በአጭሩ እንዲህ ናት። በቀን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይደበቃል። ቃሉ ሁሌም ባለ አምስት ፊደል ነው። ለማግኘት ስድስት ዕድል አላችሁ። የገመታችሁት ፊደል ቦታውን ካገኘ አረንጓዴ፣ ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታውን ከሳተ ቢጫ፣ ጭራሽ ከሌለበት ግራጫ ይሆናል። አለቀ። ጆሽ ዋርድል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ ለፍቅረኛው ለፓላክ ሻህ መጫወቻ ብሎ የሠራት ናት። እ.ኤ.አ በ2021 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ በቀን የሚጫወቷት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለት ወር ቆይቶ 300,000 ሆኑ። በ2022 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ታይምስ ገዛት።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። ዋርድል መጀመሪያ የሰበሰባቸው ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት 12,000 ገደማ ነበሩ። ፓላክ ሻህ ቁጭ ብላ የምታውቀውን ከማታውቀው ስትለይ ግን ለመልስነት የተረፉት 2,500 ገደማ ብቻ ሆኑ። አዎ! እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ እንኳ አብዛኞቹን አላወቀቻቸውም። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

እና ሰልፍ ላይ ቆመን እንጫወታለን። ከመሀላችን አንዷ ስትጨነቅ ጎግል ውስጥ ገብታ “ባለ አምስት ፊደል፣ ሁለተኛው ዩ፣ መጨረሻው ኢ፣ ኤስ የሌለበት” ብላ ትፈልጋለች። ዝርዝሩ ይዘረገፍላታል። እኛ ማጭበርበር እንለዋለን፤ እሷ ጥናት ትለዋለች። አንድ ቀን እዚያው ሰልፍ ላይ ሆነን “ሰልፍ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለማስገባት ሞከርን። ኪው፣ ዩ፣ ኢ፣ ዩ፣ ኢ። አምስት ፊደል ይጻፋል፣ የሚነበበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹ አራቱ እንደኛ ዝም ብለው ተሰልፈዋል። ሌላ ቀን ደግሞ “ሀይሌ” ብለን በእንግሊዝኛ አስገባን፤ ኤች፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል፣ ኢ፤ ልክ አምስት! ጨዋታዋ ግን “ከቃላት ዝርዝሬ ውስጥ የለም” ብላ መለሰችን። የሰው ስም አትቀበልም።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ያሳፈረን ነው።

ፎቶው

ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። በራፉ ላይ የተሰቀለችው ሰሌዳ በሁለት ቋንቋ የተጻፈች ናት። ከላይ በእንግሊዝኛ “ቴይለር” ለማለት ተሞክሯል። ትክክለኛው ቲ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል፣ ኦ፣ አር ነው። ሰሌዳው ላይ ግን በኦ ፋንታ ኢ ተቀምጧል። አንዲት ፊደል! ከስሯ በአማርኛ “ልብስ ስፌት” ይልና የሰፈራችን ስም ይከተላል።

ከጨዋታዋ ጋር የሰነበተ ዓይናችን ስህተቷን ከሩቅ ለቀማት። ቆምን፣ ፎቶ አነሳን፣ ሳቅን። ማታ የጓደኞቻችን ግሩፕ ላይ ለጠፍነው። “ኦ ቢጫ፣ ኢ ግራጫ” ብለን ጻፍንበት። ሙድ ያዝን። ሁሉም ሳቀ። እኛም “ጎበዝ ነን” አልን፤ በልባችን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው ዞሮ ዞሮ መጣልን፤ ከማናውቀው ሌላ ግሩፕ። “የሀበሻ እንግሊዝኛ” የሚል ርዕስ ተሰጥቶት። ከስሩ የተጻፈውን ስድብ እዚህ አንደግመውም። እኛ የራሳችንን ሰርዘን ነበር፤ ያ ግን የኛ አልነበረም። የተሰደደ ፎቶ ቤቱን አያውቅም።

ብዙኃኑ ኀ

ከዚያ በኋላ ነው (ኑሮ ጨካኝ ናት!) ከመሀላችን የአንዷ እህት ሠርግ የደረሰውና የሀበሻ ቀሚሷ የጠበባት። በሰፈሩ በአንድ ቀን የሚያደርስ ማን ነው ብንል ሁሉም የጠቆመን እዚያው ቤት ነው። ተያይተን ሄድን።

ሰውዬው በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ። ቀሚሱን በብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግን አላወረዱትም። “ሁለት ጣት ይለቀቃል፣ ጥለቱ አይነካም” አሉ። መኪናቸው ላይ ተቀመጡ። ቆመን እያየናቸው ጎኑን ፈተው፣ ከውስጥ የተረፈውን ጨርቅ አውጥተው መልሰው ሰፉት። ልጅቷ ለበሰችው። ልክ ሆነ! በመጀመሪያው ሙከራ፣ አምስቱም ሳጥን አረንጓዴ እንደማለት ነው።

ሒሳብ ልንከፍል ስንል ነው የጠየቁን።

“ልጆች፣ ያን ሰሞን ሰሌዳዬን ፎቶ ስታነሱ አይቻችኋለሁ። የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?”

መሬቱ ቢከፈት እንገባ ነበር። ከመሀላችን ደፋሯ፣ “ጋሼ፣ ከኤል ቀጥሎ ያለው ኦ መሆን ነበረበት” አለቻቸው።

“ኦ?” አሉ፤ በጠመኔ የሚቆርጡት ጨርቅ ጫፍ ላይ ክብ ሠርተው አዩት። “እሺ፣ እንግሊዝኛው ይሄ ነው። አማርኛውስ?”

“አማርኛው ትክክል ነው።”

“ሀይሌ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?”

ዝም።

“ኃይል በብዙኃኑ ኀ ነው። የጻፈልኝ ልጅ በሃሌታው ሀ ጻፈው። እኔም ‘ማን ያነበዋል’ ብዬ ተውኩት።” ሳቅ አሉ። “አልተሳሳትኩም፤ እናንተም አላነበባችሁትም።”

አልተቆጡም። ይህ ነው የከበደን።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ወደዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ተመልሳችሁ እዩልን። እኛም “ሀይሌ” ብለን በሃሌታው ሀ ነው የጻፍነው። ማን ታዘበን? አንዲት የእንግሊዝኛ ኢ ብንስት ግን እስካሁን አስተያየት መስጫው ሞልቶ ነበር።

ፊደል ማወቅ እና ቋንቋ ማወቅ

አማርኛ የተማረን ሰው “ፊደል የቆጠረ” ይለዋል። ድሮ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ስንደዶ ይዞ፣ ገበታው ላይ ሀ ሁ ሂ እያለ አንድ በአንድ እየነካ ስለሚቆጥር ነው። አሁን ግን የቆጠረና ያወቀ አንድ ናቸው ወይ? ብለን ስንጠይቅ መልሱን ያገኘነው ከባሕር ማዶ ነው።

“ስክራብል” የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ፈትቶ ሳለ የፈጠረው ነው (ሥራ ፈላጊዋ ጓደኛችን ይህን ስትሰማ በጣም ተጽናናች)። የጋዜጣ ገጾችን ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንቴ እንደሚመጣ ቆጠረ። ከመቶው ጠጠር ኢ 12 የደረሰው፣ ኪው ደግሞ አንድ ብቻ ሆኖ 10 ነጥብ የተሰጠው ከዚህ የተነሳ ነው። ሰባቱንም ጠጠር በአንዴ የደረደረ ተጫዋች 50 ነጥብ ይመረቅለታል። የሰፈራችን ስም እንኳ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ጂ፣ ኤ፣ አር፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፤ ሰባት ፊደል ነው። “ጋርመንት” ብሎ የደረደረ ቢያንስ 60 ነጥብ ይዞ ይነሳል!

በዚህ ጨዋታ ናይጄል ሪቻርድስን የሚያክል የለም። ኒውዚላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። በዘጠኝ ሳምንት ገደማ የቃላት መዝገቡን በቃሉ ሸምድዶ ነው የሄደው። በ2024 ደግሞ የስፓኒሽኛውን እንዲሁ ወሰደ። እስፓኒሽም አይናገርም። ሰውየው አድናቆት ይገባዋል። ግን አስቡት፤ የሁሉንም ቃል ፊደል የሚያውቅ፣ ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ መግዛት የማይችል ሻምፒዮን! ፊደል ማወቅና ቋንቋ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ መምህር አላገኘንም።

በዚያው በ2015 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ላይ የእንግሊዝኛውን የዓለም ዋንጫ ያነሳው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነው፤ የመጀመሪያው አፍሪካዊ። የናይጄሪያ ቡድን ያሸነፈበት ዘዴ ይገርማል። ሌሎቹ 50 ነጥቡን ፍለጋ ባለ ሰባትና ባለ ስምንት ፊደል ቃል ሲያሳድዱ፣ እነሱ ረጅሙን እያወቁ ባለ አምስት ፊደሉን ይመርጡ ነበር። ረጅም ቃል ለተጋጣሚ ቦታ ይከፍታል፤ አጭሩ ግን ጥሩ ጥሩዎቹን ፊደላት ለሚቀጥለው ዙር ያስቀራል። እንግሊዝኛን አልፈሩትም፣ አላመለኩትምም፤ ሠሩበት። የኛ ልብስ ሰፊም በዚያች በተሳሳተች ሰሌዳ ሥራቸውን ሲሠሩ ነው ያየናቸው።

ለምን ሳቅን?

ራሳችንን ጠየቅን። መልሱ ያደግንበት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂውን መልስ እያወቅን በስፔሊንግ ውጤት የተቀነሰብን ቀን አለ። ከመሀላችን አንዷ በተማረችበት የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ሌላዋ ሥራ ለመቀጠር ስትሄድ ፈታኙ ማመልከቻዋ ላይ አንዲት ፊደል አክብቦ፣ ጎረቤቱን ጠርቶ አሳይቶባታል። ሥራው በአማርኛ የሚሠራ ዘገባ ነበር!

ይህ ሁሉ አንድ ነገር አስተምሮናል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል የሳተ ሰው መሳቂያ ነው። የተሳቀበት ደግሞ ተራው ሲደርሰው ይስቃል። እኛ ተራችን ደርሶ ነበር። ሰውዬው ላይ ያደረግነው ያ ፈታኝ ጓደኛችን ላይ ያደረገውን ነው፤ እሱ ለአንድ ሰው ነው ያሳየው፣ እኛ ለስንት እንዳሳየን አናውቅም።

አንዳንዶቻችሁ “እና ሰሌዳው ይሳሳት ነው የምትሉት?” ትሉ ይሆናል። አይደለም። የተሳሳተ ይታረም። ግን ማረም ማለት ገብቶ “ጋሼ፣ እዚህች ጋ ኦ ነው የምትገባው” ማለት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ የመረጥነው ፎቶውን ነው። እንግሊዝኛም ይቅር አላልንም፤ ነገ ጠዋትም እንጫወታታለን። እነዚያን 12,000 ቃላት አስታውሱ። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው አብዛኛውን ሳያውቁት በደህና ይኖራሉ። ስፔሊንግ ለማንም ቀላል አይደለም። አሜሪካኖች ከ1925 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሕፃናትን የሚያወዳድሩበት ከባድ ስለሆነባቸው ነው።

አምስት ፊደል በአማርኛ

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰልፍ ላይ ሌላ ጨዋታ ጀምረናል። ስክሪብቶና የወረቀት ቁራጭ ብቻ ነው የሚፈልገው። “ዎርድልን በአማርኛ ብናደርገውስ?” አልን።

ወዲያው ገረመን። በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል የሚፈጁት ዎተር፣ ብሬድ፣ ሀውስና ሃርት በኛ ውሃ፣ ዳቦ፣ ቤትና ልብ ናቸው፤ ሁሉም ሁለት ፊደል! ሰባቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት እንኳ “ጋርመንት” ሲሆኑ አምስት ሆነው ቁጭ ብለዋል። ታዲያ በአማርኛ አምስት ፊደል ምን ይይዛል? ሙሉ ዓረፍተ ነገር! “አልመጣም” ቁጠሩት፤ አምስት ነው። እሱ ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው። ወይም እኔ ልመጣ አልፈልግም ማለት ነው። ሲጠብቅ አንዱ፣ ሲላላ ሌላው ነው፤ ጽሑፉ ግን ያው። ሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ያደረጉት ይህች ችግር ከንክናቸው ነው። እኛ ግን ነጥቡን ሳንቀበላቸው ቀረን። በዚህች ምክንያት በቴክስት የተጣሉ ፍቅረኞች ስንት ይሆኑ?

ሁለተኛው ችግር ብዛቱ ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው። እኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። በሦስት ቀለም ብቻ አይቻልም። ስለዚህ አራተኛ ቀለም ጨመርን፤ ሰማያዊ። ትርጉሙም “ቤተሰቡ ተገኝቷል፣ ልጁ ግን ሌላ ነው” ማለት ነው። ለምሳሌ የተደበቀው ቃል “አነጋገር” ነው እንበል። እናንተ “አነጋጋሪ” ብላችሁ ገመታችሁ። አ፣ ነ እና ጋ አረንጓዴ ይሆናሉ። አራተኛዋ ጋ የገ ወንድም ናትና ሰማያዊ። ሪም የር ወንድም ናትና ሰማያዊ። በቃ፣ ደርሳችኋል ማለት ነው!

ይህን ስንጫወት ነው አማርኛ እንዴት እንደተሠራ ያየነው። ነ፣ ገ፣ ረ የሚሉ ሦስት ፊደላት ይዛችሁ ተነሱ። ነገር፣ ንግግር፣ ተናጋሪ፣ ነጋሪት፣ አነጋገር፣ አነጋጋሪ… ሁሉም ከአንድ ማኅፀን ነው የወጡት። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ስለ “ዜና አነጋገር” በእንግሊዝኛ ተፈትነናል። ነጋሪትና ንግግር ዘመዳሞች መሆናቸውን ግን የነገረን ሰልፉ ነው።

ሦስተኛው ችግር ደግሞ የታወቀው ነው። ሰላም በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ? ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው በጸሎቱ ጸ? ሰልፍ ላይ በዚህ ተጣልተናል። አንዷ “ድምፁ አንድ ከሆነ ሁሉም አረንጓዴ ይሁን” ትላለች፤ አንዷ “ትርጉሙ ይጠፋል፣ አይሆንም” ትላለች። ምሁራንም ለዘመናት የተከራከሩበት ስለሆነ እኛ ታክሲ እስኪመጣ አንፈታውም። ግን መጣላታችን ራሱ ደስ አለን። ለአማርኛ ፊደል ከዚህ በፊት ተጣልተን አናውቅማ! ብዙ ጊዜ እንኳን ልንጣላ በላቲን ፊደል ነው “ሰላም ነው?” የምንባባለው።

ምን እንበል?

የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ የሰው ሰሌዳ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግቡና ንገሩት። ሁለተኛ፣ ቀጣሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራው አማርኛ ከሆነ በአማርኛ ፈትኑን፤ እስቲ በብዙኃኑ ኀ ያዙን! ሦስተኛ፣ ተጫወቱ፤ በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም። ሰው የሚፈራው ቋንቋ ሳይሆን የሚጫወትበት ቋንቋ ነው የሚያውቀው።

ልብስ ሰፊው ሰሌዳቸውን አላሳረሙም። “ደንበኛው መርፌዬን ነው የሚያነበው” ነው ያሉን። ፎቶው ስለደረሰበት ቦታ አልነገርናቸውም። ይቅርታም እስካሁን አልጠየቅናቸውም፤ ያን ቀን ሒሳባችንን ከፍለን፣ አመስግነን፣ አቀርቅረን ነው የወጣነው። ቅዳሜ ሌላ ቀሚስ ይዘን ልንሄድ ነው። የሚሰፋ ነገር ስላለን ብቻ አይደለም።

ያን ፎቶ በስልካችሁ ያገኛችሁት ካላችሁ፣ ኃይሌ ጋርመንት ናቸው። ሥራቸው ልክ ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። ሰርዙልን።

ቸር ያገናኘን!